ጃማይካ ላይ ምሳ ከየት ይወሰድ? ፓቲ፣ ኩክሾፕ፣ ጀርክ፣ ዓሣ ወይስ አይታል

ጃማይካ ለዕረፍት ሄዶ ቁርሱንም ምሳውንም እራቱንም ሬስቶራንት ቁጭ ብሎ ልብላ የሚል ሰው ገንዘቡም ቀኑም ቶሎ ያልቅበታል። ሆቴሎቹ አካባቢ ያሉት ምግብ ቤቶች ዋጋቸው ለቱሪስት የተቆረጠ ነው። ምግቡ እስኪመጣም ብዙ ያስጠብቃሉ። የአገሬው ሰው እንዲህ አይበላም። ምሳውን ኩክሾፕ ከሚባለው ትንሽ ምሳ ቤት በሳጥን ይዞ ይሄዳል። መንገድ ላይ ሲርበው ሳምቡሳ መሰሉን ፓቲ ይገዛል። ማታ ደግሞ ጥግ ላይ ከቆመው የበርሜል ምድጃ ዶሮ ያስቆርጣል። ቱሪስቱም እንዲሁ ማድረግ ይችላል። ምግቡ ይጣፍጣል፣ ዋጋው ይቀንሳል፣ ቀኑም ለባሕሩ ይተርፋል።

ምርጫው ግን ብዙ ስለሆነ ያደናግራል። እኔ ከመጀመሪያው አቋሜን ልናገር፦ ጃማይካ ውስጥ የሚወሰድ ምግብ ሲመረጥ ከቤቱ ዝና ይልቅ ሰዓቱ ይበልጣል። እያንዳንዱ ምግብ ትኩስ የሚሆንበት የራሱ ሰዓት አለው። ሰዓቱ ካለፈ ስመ ጥሩ ቤት የደረቀ ነገር ይሰጣችኋል። በሰዓቱ ከደረሳችሁ ግን ስም የሌላት ትንሽ መስኮት እጅ የሚያስቆረጥም ምግብ ታወጣለች።

ይህን የምጽፈው በተለይ ከዋሽንግተን፣ ከአትላንታ ወይም ከቶሮንቶ በአጭር በረራ ወደ ሞንቴጎ ቤይና ወደ ኪንግስተን ብቅ ለሚሉ ወገኖች ነው። የሚጾሙትንም አልረሳሁም። እንዲያውም ለእነሱ ሰፊ ቦታ ሰጥቻለሁ። ምክንያቱን ከታች ታዩታላችሁ።

መጀመሪያ ዋጋው በየትኛው ዶላር ነው?

የዋጋ ሰሌዳ ላይ የምታዩት የዶላር ምልክት የጃማይካም የአሜሪካም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም አንድ ምልክት ነው የሚጠቀሙት። በቅርብ ዓመታት 1 የአሜሪካ ዶላር የሚመነዘረው ወደ 160 የጃማይካ ዶላር አካባቢ ነው። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ 1,200 የሚል ምሳ ብታዩ አትደንግጡ፣ ወደ 7 የአሜሪካ ዶላር ተኩል ማለት ነው። በቱሪስት ሰፈር የአሜሪካ ዶላር ይቀበሏችኋል። መልሱን በጃማይካ ዶላር ሲሰጧችሁ ግን ምንዛሪው ለእናንተ አያደላም። ለኩክሾፕና ለመንገድ ዳር ምግብ ትንንሽ የጃማይካ ብሮችን በኪሳችሁ ያዙ። ካርድ የሚሠራው በሰንሰለት ድርጅቶቹና በሱፐርማርኬቶች ነው። በርሜል ምድጃ አጠገብ የካርድ ማሽን አትጠብቁ።

ከርካሽ ወደ ውድ ስንደረድራቸው ብዙውን ጊዜ ፓቲ መጀመሪያ ይመጣል። ቀጥሎ የኩክሾፕ ሳጥንና አይታል የሚባለው ሥጋ የሌለበት የራስታፈሪያን ምግብ ተቀራርበው ይከተላሉ። ከዚያ ጀርክ፣ ማለትም በቅመም ተለውሶ በጭስ የሚበስለው ሥጋ፣ በመጨረሻም ዓሣ። ዋጋ ብቻውን ግን ምንም አይወስንም።

ፓቲ፦ መንገድ ላይ ላለ ሰው

ሳምቡሳ ለሚያውቅ ሰው ፓቲን ማስረዳት ቀላል ነው። ልዩነቱ ሊጡ ዘይት ውስጥ አይገባም፣ ምድጃ ውስጥ ይጋገራል። ቢጫ ቀለሙ ከእርድ ወይም አናቶ ከሚባለው የቀለም ፍሬ ነው። ውስጡ ብዙውን ጊዜ በጦስኝና ስኮች ቦኔት በሚባለው ቃሪያ የተሠራ የተፈጨ የበሬ ሥጋ ነው። ዶሮ፣ አትክልት፣ ካላሉ የሚባለው ጎመን መሰል ቅጠል፣ አንዳንድ ቦታም አኪ የሚባለው ፍሬና ዓሣ ያለበት ይገኛል።

ሁለቱ ትልልቅ ስሞች ቴስቲና ጁሲ ናቸው። ቴስቲ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተ የኪንግስተን ቤት ነው። ጁሲ ደግሞ በ1980 ክላረንደን ውስጥ ጀምሮ ዛሬ በየከተማው ቅርንጫፍ አለው። የቱ ይበልጣል የሚለው ክርክር ጃማይካውያንን ራሳቸውን ለሁለት ይከፍላል። እኔ ወደ ክርክሩ አልገባም። ወረፋ ያለበትን ቅርንጫፍ ምረጡ እላለሁ። ወረፋ ካለ ፓቲው ከምድጃ እንደወጣ ይሸጣል። ወረፋ ከሌለ መስታወቱ ውስጥ ሲሞቅ ውሎ ጠርዙ ደርቋል። ኪንግስተን ውስጥ ከሆናችሁና ትንሽ ጨምሮ መክፈል የማይከብዳችሁ ከሆነ ዴቨን ሃውስ ግቢ ያለው ዳቦ ቤት ይሻላል። ግቢው በ1881 የተሠራ የጆርጅ ስቲበል መኖሪያ ነበር፤ የጃማይካ የመጀመሪያው ጥቁር ሚሊየነር የሚባለው ሰው ነው። ፓቲውን ይዛችሁ ጥላ ሥር መቀመጥ ይቻላል። ከዚያ እዚያው ግቢ አይስክሬም አለ።

ፓቲ ብቻውን ምሳ አይሆንም የምትሉ ኮኮ ብሬድ ጨምሩ። እጥፍ ሆኖ የተጋገረ ለስላሳ ዳቦ ነው። ፓቲውን መሐሉ ከትቶ መብላት የተማሪውም የሠራተኛውም ወግ ነው። ያጠግባል። የመጀመሪያውን ንክሻ ግን አትቸኩሉ። ውስጡ በጣም ይፋጃል፤ ጥጉን ቀደድ አድርጋችሁ እንፋሎቱን አስወጡ። በተለይ ለልጆች ሳትከፍቱት አትስጡ።

ፓቲ የሚያሸንፈው በየትኛው ሰዓት ነው? ጠዋት ረፈድ ሲል፣ ወደ ሌላ ከተማ ስትጓዙ፣ ከአውሮፕላን ወርዳችሁ መኪና ስትጠብቁ። በአንድ እጅ ይበላል፣ ሹካ አይፈልግም። ግን በየቀኑ ምሳ ይሁን ከተባለ ሊጡ ይከብዳል።

ኩክሾፕ፦ የኔ ምርጫ

አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ኩክሾፕን እመርጣለሁ። ለሠራተኛና ለሾፌር ምሳ የምታበስል ትንሽ ቤት ናት። የዕለቱ ምግብ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጻፋል፤ አንዳንዴም አይጻፍም፣ ይጠየቃል። በብዙ ቦታ መጀመሪያ ከፍላችሁ ደረሰኙን ለምታወጣው ሴት ትሰጣላችሁ። ሳጥኑ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ተብሎ ይሸጣል። ትንሹ ለአንድ ሰው ይበቃል። ትልቁን ሁለት ሰው ይካፈለዋል።

ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው በኮኮናት ወተትና በአደንጓሬ የተቀቀለ ሩዝ ነው፤ ራይስ ኤንድ ፒስ ይሉታል። ከጎኑ ጎመንና ካሮት፣ አንዳንዴም የተጠበሰ ፕላንቴን፣ ማለትም ለማብሰያ የሚሆን ትልቅ ሙዝ ይኖራል። ከላይ የምትመርጡት ወጥ ይመጣል። ከሪ የተደረገ ፍየል፣ ቡናማ መረቅ ያለው ዶሮ፣ የተጠበሰ ዶሮ፣ የበሬ ጅራት። የበሬ ጅራቱ ከሁሉ ይወደዳል፣ ከሁሉ ቀድሞም ያልቃል። ጅራቱ ውድ ከሆነባችሁ አንድ ዘዴ አለ። ዶሮ እዘዙና ሩዙ ላይ የበሬ ጅራት መረቅ እንዲያፈሱላችሁ ጠይቁ። የአገሬው ሰው ራሱ እንዲህ ያደርጋል፣ ቅር የሚለው የለም። ፍየል ወጥ ለምንወድ ሰዎች ግን ከሪ ፍየሉ ትልቅ ደስታ ነው። አጥንቱ ትንንሽ ሆኖ ስለሚቆረጥ ቀስ ብላችሁ ብሉ።

ሰዓቱ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ነው። ከ6 ሰዓት ተኩል በፊት ከደረሳችሁ ሁሉም አለ። ከ8 በኋላ የምትመርጡት ከተረፈው ነው፤ አንዳንዴ ድስቱ ባዶ ሆኖ በሩ ተዘግቶ ታገኙታላችሁ። ለዚህ ነው ኩክሾፕን ለእራት የማልመክረው።

የኩክሾፕ ቁርስ ብዙ ቱሪስት ሳያውቀው ያልፋል። አኪና በጨው የደረቀ ዓሣ የአገሪቱ ብሔራዊ ምግብ ነው። አኪ ፍሬ ነው፤ ሲበስል የተጠበሰ እንቁላል ይመስላል። ከተቀቀለ አረንጓዴ ሙዝ፣ ከቦዬና ከተጠበሰ ሊጥ ጋር ይቀርባል። አንድ ጥንቃቄ አለው። አኪ ዛፉ ላይ ራሱ በስሎ ሳይከፈት ከተቀጠፈ መርዛማ ነው። በየቀኑ የሚያበስለው ሰው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ስለዚህ ምግብ ቤት ውስጥ ተሠርቶ ሲቀርብ ብሉት። ከገበያ ገዝታችሁ በኪራይ ቤታችሁ ልሞክር አትበሉ። ለልጆችና ለቀላል ሆድ ደግሞ ቀጠን ያለ የበቆሎ ወይም የኦቾሎኒ ገንፎ በኩባያ ይሸጣል። ገንፎው ውስጥ ወተት ስለሚገባ ጿሚ ይጠይቅ።

ቅዳሜ ቀን ሾርባ ነው። ዱባ፣ ቦዬ፣ ሊጥና ሥጋ ያለበት ወፍራም ሾርባ በየጥጉ በትልቅ ድስት ይፈላል። በኩባያ ተሸፍኖ ይሰጣችኋል። ድስቱ ውስጥ ቃሪያው ሳይፈነዳ ሙሉውን ይጣላል፤ ጽዋችሁ ውስጥ ከገባ አውጥታችሁ ጣሉት እንጂ አትንከሱት። ስኮች ቦኔት የሃባኔሮ ዘመድ ነው። ሚጥሚጣ ለምዶ ያደገውንም ሰው ያስለቅሳል።

ንጽሕናውን እንዴት እናውቃለን የምትሉ ልክ ናችሁ። ጃማይካ ውስጥ ምግብ የሚያዘጋጅ ሰው ከጤና መሥሪያ ቤት የምግብ አያያዝ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ከዚያ በላይ ዓይናችሁን እመኑ። ድስቱ ይተናል? ክዳን አለው? የደንብ ልብስ የለበሰ ሠራተኛ ተሰልፏል? ሦስቱም አዎ ከሆኑ ግቡ።

ከማዘዛችሁ በፊት ሰላምታ አትርሱ። ደርሶ «አንድ ዶሮ» ማለት እዚያ እንደ ብልግና ይታያል። ጠዋት «ጉድ ሞርኒንግ»፣ ማታ ሲሆን «ጉድ ናይት» በሉ። «ጉድ ናይት» እዚያ ሲደርሱም የሚባል ሰላምታ ነው፣ ልትሄዱ ነው ብሎ የሚያስብ የለም። ይቺ ትንሽ ነገር ሳጥናችሁን ታከብደዋለች።

ጀርክ፦ ለማታ፣ ያውም ለሳምንቱ መጨረሻ

ጀርክ የሚለው ስም በየአገሩ ሱፐርማርኬት በጠርሙስ ይሸጣል። እዚያ ያለው ግን ሌላ ነው። ሥጋው በፒሜንቶ ፍሬ (በእንግሊዝኛ ኦልስፓይስ የሚባለው ቅመም)፣ በስኮች ቦኔት፣ በጦስኝና በሽንኩርት ቅጠል ተለውሶ ያድራል። ከዚያ በፒሜንቶ እንጨትና በፍሙ ጭስ ላይ ቀስ ብሎ ይበስላል። ጭሱ ነው ጣዕሙን የሚሰጠው። ሥሩ ከባርነት አምልጠው ተራራ ላይ ከኖሩት ማሩኖች ይመዘዛል።

ሁለት ዓይነት ቦታ አለ፣ ልዩነታቸውን ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛው የጀርክ ማዕከል ነው። እንጨት የተደረደረበት ሰፊ ምድጃ አለው፤ ሥጋው በክብደት፣ በሩብ ወይም በግማሽ ፓውንድ ይሸጣል። ስኮቺስ የሚባለው ከእነዚህ ታዋቂው ሲሆን ሞንቴጎ ቤይ፣ ኦቾ ሪዮስ አጠገብና ኪንግስተን አለ። ቀን ከሆነና ጀርክ ካማራችሁ እዚህ ሂዱ። ሁለተኛው የመንገድ ዳር ምድጃ ነው። በርሜል ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ክዳን ተበጅቶለት፣ ከሰል ላይ ዶሮ ይጠበስበታል። ይህ የማታ ነገር ነው። አርብና ቅዳሜ ማታ ኪንግስተን ውስጥ ሬድ ሂልስ ሮድ ላይ ጭሱ መንገዱን ይሞላዋል። ዶሮው በመጥረቢያ ቢላ ተቆራርጦ፣ በፎይል ተጠቅልሎ፣ ከደረቅ ዳቦ ቁራጭ ጋር ይሰጣችኋል። ዋጋው ከማዕከሉ ያነሰ ነው። ለኔ ጣዕሙም አያንስም።

ከጀርክ ጋር ፌስቲቫል እዘዙ። ከበቆሎና ከስንዴ ዱቄት የሚጠበስ ጣፈጥ ያለ ሊጥ ነው፤ ቃጠሎውን ያበርዳል። የተጠበሰ ብሬድፍሩት፣ ያ ዳቦ መሰል ትልቅ የዛፍ ፍሬ፣ ካለም አትለፉት። ስጎውን «ለብቻው» በሉ፣ በተለይ ልጆች ካሉ።

የአሳማ ሥጋ የማትበሉ፣ ክርስቲያንም ሁኑ ሙስሊም፣ እዚህ ላይ አስተውሉ። የጀርክ ማዕከል ውስጥ አሳማና ዶሮ ብዙውን ጊዜ አንድ ምድጃ ላይ ጎን ለጎን ይጠበሳሉ፣ በአንድ ግንድ ላይ በአንድ መጥረቢያ ይቆረጣሉ። ይህ የሚከብዳችሁ ከሆነ ዶሮ ብቻ የሚሸጠው የበርሜል ምድጃ ይሻላችኋል። የሥጋው አስተራረድ ለሚያሳስበው ሰው ደግሞ ዓሣ ወይም አይታል ይቀላል።

የጀርክ አገር የሚባለው ፖርትላንድ ውስጥ ያለው ቦስተን ቤይ ነው። እውነትም ጣፋጭ ነው። ግን ከሞንቴጎ ቤይ እዚያ ድረስ ለምሳ ብቻ አትሂዱ። በሰሜኑ ባሕር ዳር መንገድ ግማሽ ቀን ይበላል። ፖርት አንቶኒዮ ካደራችሁ ግን ጎረቤት ነው፣ ሳትሄዱ እንዳትመለሱ።

ዓሣ፦ ጊዜ ካለ ብቻ

ዓሣን ፈጣን ምግብ ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ጥሩው ዓሣ ስታዝዙ ነው የሚጠበሰው። ተመርጦ፣ ተመዝኖ፣ ተጠርጎ፣ ተቆርጦ እስኪደርስ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይሄዳል። ከኪንግስተን ብዙም የማይርቀው የሄልሻየር ባሕር ዳርቻ በዚህ የታወቀ ነው። ዓሣውን አዝዛችሁ ዋኙ፤ ስትወጡ ይደርሳል። ከመጥበሱ በፊት ግን ዋጋውን ጠይቁ። በክብደት ስለሚሸጥ ከተጠበሰ በኋላ ክርክር ጥቅም የለውም።

ይዘን እንሂድ ካላችሁ ኤስኮቪች የሚባለውን ምረጡ። የተጠበሰው ዓሣ ላይ በኮምጣጤ የተደረገ ሽንኩርት፣ ካሮትና ቃሪያ ይፈስበታል። ቀዝቅዞም ይበላል፣ እንዲያውም ሲያድር ይጣፍጣል። በእንፋሎት የበሰለው ዓሣ ግን ሳጥን ውስጥ መረቁ ይፈሳል፣ ዳቦውም ይርሳል፤ እሱን እዚያው ብሉት። ከጎኑ ባሚ እዘዙ። ከካሳቫ የሚሠራ ቂጣ ነው፤ የደሴቲቱ የጥንት ነዋሪዎች የታይኖዎች ቅርስ ነው።

ሽሪምፕ የምትበሉ ከሆነ ሴንት ኤልዛቤት ውስጥ ሚድል ኳርተርስ የምትባል መንደር አለች። ሴቶች በቃሪያ የተቀቀለ ቀይ ሽሪምፕ በትንንሽ ከረጢት እየያዙ በመኪና መስኮት ይሸጣሉ። ከዚህ የፈጠነ ምግብ የለም። ሎብስተር ደግሞ ከኤፕሪል 1 እስከ ጁን 30 ማጥመዱ ክልክል ነው። በእነዚያ ወራት መንገድ ዳር ትኩስ ነው ብሎ የሚያቀርብላችሁ ሰው ሕግ እየጣሰ ነው፤ አትግዙት።

የደቡብ ምዕራቡን አካባቢ በተመለከተ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 ቀን 2025 ሜሊሳ የተባለው አውሎ ነፋስ ደረጃ 5 ሆኖ በዌስትሞርላንድ በኩል ደሴቲቱን መታ። ሴንት ኤልዛቤትና ምዕራቡ ክፉኛ ተጎድተዋል። ስለዚህ የቆየ ጽሑፍ ላይ ያያችሁት የመንገድ ዳር ድንኳን ላይኖር ይችላል። ከመነሳታችሁ በፊት የሆቴሉን ሠራተኞች ጠይቁ። የተከፈተ ካገኛችሁ ደግሞ ግዙ። ኑሮውን እንደገና እያቆመ ያለ ሰው ጋ የምታወጡት ገንዘብ የትም ከምታወጡት ይበልጣል።

አይታል፦ ለጿሚ ከሁሉ የቀረበ

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ መጣሁ። የእኛ ሰው ዕረፍት የሚወጣው መቼ ነው? ብዙውን ጊዜ በዲሴምበር መጨረሻ ወይም በኦገስት። የመጀመሪያው ጾመ ነቢያት ውስጥ ይወድቃል፣ ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ። ሁለተኛው ፍልሰታ ላይ ይወድቃል። በማርችና በኤፕሪል ከሄዳችሁ ደግሞ ሁዳዴ ያገኛችኋል። ረቡዕና አርብ የትም አይቀሩም። ስለዚህ ለብዙዎቻችን የሚወሰድ ምግብ ምርጫው ከጾም ጥያቄ ይጀምራል። በካሪቢያን ለዚህ ጥያቄ ጃማይካን ያህል ምላሽ ያለው ደሴት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

አይታል የራስታፈሪያን አበሳሰል ነው። ሥጋ የለም። የወተት ተዋጽኦም እንቁላልም በአብዛኛው የለም። ዱባ፣ ካሮት፣ ቀይ አደንጓሬ፣ ቦዬ፣ ካላሉና ሊጥ በኮኮናት ወተትና በጦስኝ ይበስላሉ። በሾርባም በወጥም መልክ ይቀርባል፤ ከሩዝ ጋር በሳጥን ይወሰዳል። አጥባቂዎቹ ጨው እንኳ አያስገቡም። በርበሬና ጨው ለለመደ አንደበት ይህ መጀመሪያ ለስለስ ሊልበት ይችላል። ለሽያጭ የሚያበስሉት ብዙዎቹ ግን ትንሽ ጨው ይጨምራሉ፤ ጠይቁ። ኮኮናቱና ቃሪያው ራሱ ጣዕም አለው።

ጥንቃቄው ይህ ነው፦ አንዳንድ የራስታ ቤት ዓሣ ያበስላል። ዓሣ በጾም የማትበሉ ከሆነ ድስቱ የተለየ መሆኑን ጠይቁ። አይታልም እንደ ኩክሾፕ የምሳ ነገር ነው፣ ቶሎ ያልቃል። ቅዳሜን ሰንበት አድርገው የሚያከብሩ የራስታ ወገኖች ስላሉ ቅዳሜ ዝግ ሊሆን ይችላል። አርብ ከሰዓት በኋላ ለቅዳሜም አስቡ።

ከየት ትመጣላችሁ ተብላችሁ «ከኢትዮጵያ» ካላችሁ ሳጥኑ ቶሎ አይመጣም። ወሬ ይጀመራል። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 1966፣ በእኛ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ኪንግስተን ሲያርፉ የነበረውን ሕዝብ ያዩ ሽማግሌዎች ዛሬም ሊያወጉ ይችላሉ። ስለ ሻሸመኔ ይጠየቃል። እምነታቸውን ባንጋራም በአክብሮት ማዳመጥ ተገቢ ነው። ለአገራችን ያላቸው ፍቅር እውነተኛ ነው። ለዚህ ጊዜ ያዙ፤ ታክሲ አቁማችሁ አትግቡ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ጃማይካ ውስጥ አለች። ኪንግስተን ያላችሁ እሑድ ቅዳሴ መድረስ ትችላላችሁ። የጾም ምግብ የት ጥሩ እንደሚሸጥ ከምእመናኑ የበለጠ የሚነግራችሁ የለም።

አይታል ባታገኙስ? እዚህ ላይ ብዙ ጿሚ ይሳሳታል፣ ስለዚህ ልዘርዝረው። ኩክሾፕ ውስጥ ሩዙና ጎመኑ ጾም ይመስላሉ። ግን መረቅ ሳትጠየቁ ይፈስበታል። «መረቅ አይደረግበት» ብላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። አደንጓሬ ወጥ ብላችሁ ስትደሰቱ ውስጡ ብዙውን ጊዜ የአሳማ ጅራትና በጨው የቆየ ሥጋ አለ። ካላሉም ከደረቅ ዓሣ ጋር ሊሠራ ይችላል። የአትክልት ፓቲ ውስጡ ሥጋ ባይኖረውም በጥንቱ አሠራር ሊጡ የሚለወሰው በበሬ ጮማ ነው፤ የሚጋገርበትን ቤት ጠይቁ። ኮኮ ብሬድ ውስጥ ወተትና ቅቤ የተለመደ ነው። ያለ ሥጋት የሚገዛው የተጠበሰ በቆሎ፣ የተጠበሰ ቦዬ፣ ብሬድፍሩት፣ ኦቾሎኒና አቮካዶ ነው። አቮካዶውን «ፔር» ብላችሁ ጠይቁ፣ እንዲያ ነው የሚሉት። በወቅቱ ከሆነ ትልቅና ቅቤ የመሰለ ነው፤ ከዳቦ ጋር ሙሉ ምሳ ይወጣዋል።

ሰንሰለት ምግብ ቤቶች

ኬ.ኤፍ.ሲ. በየከተማው አለ፣ ጃማይካውያንም ይወዱታል። ማክዶናልድስ ግን እ.ኤ.አ. በ2005 ለቆ ወጥቷል፤ ለልጆች ቃል እንዳትገቡላቸው። አይላንድ ግሪል የሚባለው የአገር ውስጥ ሰንሰለት ነው፣ ጀርክ ዶሮ በሩዝ ያቀርባል። ከእሳት ላይ እንደወረደው አይደለም። ቢሆንም ካርድ ይቀበላል፣ ሽንት ቤት አለው፣ ከመኪና ሳይወርዱ ይገዛበታል፣ ኩክሾፖች ከተዘጉ በኋላም ይሠራል። ሕፃን ይዞ ለሚጓዝ ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከእነዚህ መሐል መምረጥ ካለባችሁ እሱን ምረጡ። ከአሜሪካ ተነስቶ የአሜሪካን ዶሮ ለመብላት እዚያ ድረስ መሄድ ግን አይመቸኝም።

ሁሉን አካታች ሆቴል የያዙትስ? ምግቡን ከፍላችሁበታል፤ በየቀኑ ውጡ አልልም። ግን አንድ ቀን ምሳ ኩክሾፕ፣ አንድ አርብ ማታ በርሜል ምድጃ ሂዱ። ሞንቴጎ ቤይ ላይ በጂሚ ክሊፍ ስም የተሰየመው የቱሪስት ጎዳና ላይ ከመግዛት ወደ መሐል ከተማ ጥቂት ገባ ማለት ዋጋውንም ጣዕሙንም ይለውጠዋል። ቀን፣ በምሳ ሰዓት ሂዱ። ፈቃድ ያለው ታክሲ ታርጋው ቀይ ነው። ሾፌሩንም የት ነው ምሳ የምትበላው ብላችሁ ጠይቁት፤ ቱሪስቱን የት ትወስዳለህ ብላችሁ ግን አትጠይቁት። የሚሰጣችሁ መልስ ይለያያል።

እሑድና ስቅለት

እሑድ ብዙ ኩክሾፕ ዝግ ነው። ሰው ቤቱ ነው የሚበላው። በእነሱ አቆጣጠር ስቅለት ላይ ደግሞ ከተማው ጭር ይላል፣ አብዛኛው ሱቅ አይከፍትም። የእኛ ፋሲካ ከእነሱ ጋር ሁልጊዜ ስለማይገጥም ይህ ቀን ሳታስቡት ሊደርስባችሁ ይችላል። የፋሲካ ሰሞን ቡንና ቺዝ በየሱፐርማርኬቱ ይሞላል። ቡን በቅመምና በዘቢብ የተጋገረ ጠቆር ያለ ጣፋጭ ዳቦ ነው። ከቆርቆሮ አይብ ጋር ይበላል፣ ሳይበላሽም ቀናት ይቆያል። ለማይጾም ሰው የባሕር ዳር ስንቅ ነው። የሚጾም ደግሞ በዋዜማው ዳቦ፣ አቮካዶ፣ ሙዝና ኦቾሎኒ ይግዛ። ቡኑንም ሊገዛ ካሰበ ወተትና ቅቤ እንዳለው ጀርባው ላይ ያንብብ።